ቢጫ ቅጠል ሁሉ ዩሪያ አልጠየቀም

ክቡር አዘጋጅ፣

እኛ አካባቢ ጋዜጣችሁን የምናነበው ተቀባብለን ነው። አንዱ ቡሬ ወጥቶ ይገዛል፣ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይሰነብታል። ስለዚህ በእርሻ ዓምዳችሁ የሚወጣ አንድ መስመር እኛ ጋ ሲደርስ ክብደቱ ሌላ ነው። በቅርቡ ስለ በርበሬ የወጣው ምክር፣ በአበባ ጊዜ ቅጠሉ ቢጫ ካለ ዩሪያ ይጨመርበት የሚል ነበር። ያነበበው ሁሉ ዩሪያ ፍለጋ ወጣ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው።

እኔ ቡሬ ዙሪያ በርበሬ የማመርት ሴት ነኝ። ከዚያ በፊት በወንበርማ ወረዳ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ አገልግያለሁ። የመካሪውንም የገበሬውንም ወገን አውቀዋለሁ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ክፉ አስቦ እንዳልጻፈው አልጠራጠርም። ግን ምክሩ ሳይብራራ ወጣ። ለበርበሬ ደግሞ አበባ የሚያወጣበት ጊዜ ቀልድ የለውም። ሚያዝያና ግንቦት መደብ ላይ የፈላው ችግኝ፣ ሰኔና ሐምሌ ማሳ የገባው፣ ነሐሴ ላይ አበባውን ካራገፈ ኅዳር ላይ የሚለቀም ዛላ የለም።

የበርበሬ ቅጠል ቢጫ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ነው። ዩሪያ የሚፈታው ከነዚያ አንዱን፣ የናይትሮጅን እጥረትን ነው። ሌሎቹን ወይ አይነካቸውም፣ ወይ ያብሳቸዋል። ስለዚህ ገበሬው እጁን ወደ ማዳበሪያ ከመስደዱ በፊት ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይይ፦ ቢጫው የጀመረው ከየት ነው? ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ነው? ወይስ ከላይ፣ ከለጋው?

ይህ ጥያቄ የመጣው ተክሉ ውስጥ ከሚሆነው ነገር ነው። ናይትሮጅን ተጓዥ ነው። ተክሉ ናይትሮጅን ሲያጥረው ከታችኛው ቅጠል ቀንሶ ለላይኛው ይልካል። ለዚህ ነው የናይትሮጅን ረሃብ ሁልጊዜ ከታች የሚጀምረው። ቅጠሉ ሥሩም (ቅጠሉ ላይ የተዘረጋው መስመር) መሃሉም ሳይለይ እኩል ይገረጣል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። ማግኒዚየምም ተጓዥ ስለሆነ እጥረቱ ከታች ይጀምራል፤ መልኩ ግን ይለያል። የቅጠሉ ሥሮች አረንጓዴ እንደሆኑ ይቆያሉ፣ በመካከላቸው ያለው ቢጫ ይሆናል። የፖታሺየም እጥረት ደግሞ የአሮጌውን ቅጠል ዳር ዳሩን ያቃጥላል። ብረት ግን ከተቀመጠበት አይነቃነቅም። እጥረቱ የሚታየው ከላይ፣ በለጋው ቅጠል ላይ ነው። በእኛ ቀይ አፈር ላይ የብረት እጥረት ብዙም አይታይም፣ ስለዚህ እሱን ልለፈው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በእኛ አገር ነሐሴ ላይ በርበሬን ከምንም በላይ ቢጫ የሚያደርገው ውኃ ነው።

የማከብራቸው ጎረቤት አሉን። ዘመናቸውን በእርሻ የኖሩ ሰው ናቸው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጠሩኝ። «እታለም፣ ነይ እስቲ ይህን ጉድ እይልኝ» አሉኝ። ማሳቸው ወደ ታች ዘቅዘቅ ያለ ነው። የላይኛው ክፍል ቀይ አፈር ነው፣ በርበሬው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ነጫጭ አበባውን ዘርግቷል። ታች ዋልካ (ውኃ የሚይዝ ጥቁር መሬት) በሆነው በኩል ያለው ግን ከላይ እስከ ታች ቢጫ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ መሬቱ ርጥብ ሆኖ ሳለ ይጠወልጋል። ጋሼ ዩሪያውን በባልዲ ይዘው ቆመዋል። ሊበትኑት ነው።

አንድ እግር ልንቀል አልኳቸው። ቅር እያላቸው ፈቀዱልኝ። የነቀልኩት እንዲሁ በሁለት ጣት ነው፤ አልታገለኝም። ሥሩን በውኃ አጥቤ አሳየኋቸው። ጤነኛ የበርበሬ ሥር ነጭ ነው፣ ሲስቡት ይጠብቃል። ይህ ግን ቡናማ ሆኗል። በጥፍሬ ስስበው ቅርፊቱ ወልቆ መጣ፣ ውስጡ እንደ ክር የቀጠነው ብቻ ቀረ። ሽታውም ሸተተን፤ የበሰበሰ ነገር ሽታ ነው። አፈሩን በጭብጤ ስጨምቀው ውኃ ጠብ አለ። «ጋሼ፣ ይህ አልራበውም፣ ታፍኗል» አልኳቸው። ሥር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ውኃ አፈሩን ሲሞላው አየር መግቢያ ያጣል። ሥሩ ከታመመ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ምግብ ሞልቶ ቢፈስ እንኳ መሳብ አይችልም። በዚያ ላይ ውኃ በተኛበት መሬት የሚጨመር ዩሪያ ገሚሱ ወደ ጋዝ ተለውጦ ሰማይ ይወጣል፣ ገሚሱ ከጎርፍ ጋር ይሄዳል። ብሩም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ዩሪያው ወደ ቤት ተመለሰ። በምትኩ ዶማና አካፋ መጣ። ልጆቻቸውም ደረሱልን፣ በዚያው ከሰዓት ከላይ ወደ ታች ገደድ አድርገን ፈሰስ፣ ማለትም የውኃ መውረጃ ቦይ፣ አወጣን። ፈሰስ ማውጣት ለጎጃም ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለጤፍና ለዳጉሳ አያቶቻችንም ሲያወጡ ኖረዋል። ለበርበሬ ግን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን፣ ወይም ጥልቀቱን እናሳንሰዋለን። ማሳው ጠፈፍ ካለ በኋላ ከላይ አዲስ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ቢጫ የሆኑት አሮጌ ቅጠሎች ግን ተመልሰው አልለመለሙም፣ ረገፉ። ይህን አንባቢዎቻችሁ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። አንዴ ቢጫ የሆነ አሮጌ ቅጠል መልኩ አይመለስም። ያደረጋችሁት ነገር መሥራቱን የምታውቁት በአዲሱ ቅጠል ነው። ገበሬው ይህን ካላወቀ ዛሬ አንድ ነገር ጨምሮ፣ በሳምንቱ ቢጫውን ሲያየው ሌላ ይጨምራል።

ከጋሼ ማሳ አንዳንዶቹ እግሮች አልተረፉም። ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ነበር። ይህ ውኃ ተከትሎ የሚመጣ የሥርና የግንድ ብስባሽ በሽታ ነው። እነዚያን ነቅለን ከማሳ አውጥተን አቃጠልናቸው። በጎርፍ ወደ ሌላው ስለሚሻገር ማሳ ዳር ጥሎ መሄድ አይበጅም።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ የአፈሩ ኮምጣጣነት ነው። ባንጃ፣ ሰከላ፣ ጎዛምን፣ የእኛም ደጋ ወገን፣ ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወስዶታል። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ከ5.5 በታች የወረደ መሬት ብዙ ነው። እንዲህ ባለ አፈር አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያደነድነዋል፣ ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ፎስፈረሱም አፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በርበሬው ማግኒዚየም ሲያጣ ከላይ ያልኩት ምልክት ይታያል፦ የታችኛው ቅጠል ሥሮቹ አረንጓዴ፣ መካከሉ ቢጫ። ገበሬው ይህን አይቶ ዩሪያ ቢጨምር ምን ይሆናል? ዩሪያ ራሱ ከዓመት ዓመት አፈርን ይበልጥ ያኮመጥጣል። በሽታውን ቀለብነው ማለት ነው። ኤንፒኤስ የምንለው ማዳበሪያም 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 7 በመቶ ድኝ ነው፤ ማግኒዚየም የለበትም።

የዚህ መድኃኒቱ ኖራ ነው። ግን ኖራ በአበባ ጊዜ ተበትኖ የዚያን ክረምት ሰብል አያድንም። ከመትከሉ ወራት በፊት ተበትኖ፣ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። መጠኑም በአፈር ምርመራ ነው የሚወሰነው፤ በዓይን አይገመትም። ደጀን በኩል በዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ ሞልቶ፣ እዚህ ገበሬው ኖራ ሲጠይቅ ወቅቱ አልፎ ሰኔ ላይ ቢደርሰው ምን ይፈይድለታል? የሚመለከታቸው ክፍሎች ይህን እንዲያዩልን በጋዜጣችሁ በኩል እለምናለሁ። መሬት ከመታረሱ በፊት፣ በበጋ ይድረሰን።

እስከዚያው በጓሮና በትንሽ ማሳ ላይ የምድጃ አመድ ይረዳል። የእንጨት አመድ ካልሲየም፣ ፖታሺየምና ጥቂት ማግኒዚየም አለው፣ ኮምጣጣነቱንም ያለዝባል። ቀጠን ተደርጎ ይበተን፣ ግንዱ ላይ አይከመር። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ አመድና ዩሪያ ባንድ ቀን አንድ ቦታ አይገናኙ። ሲገናኙ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ ገንዘባችሁ ሲበን ነው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ አይወራበትም፣ እኔ ግን ደጋግሜ አይቸዋለሁ። የበርበሬ ማሳችን ከጤፍና ከበቆሎ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው። የጤፍ አረም ላይ ቱ ፎር ዲ ይረጫል። ይህ መድኃኒት ቅጠለ ሰፊ አረምን የሚገድል ነው፣ በርበሬ ደግሞ ቅጠለ ሰፊ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ከተረጨ ብናኙ ድንበር ይሻገራል። በቀናት ውስጥ የበርበሬው ለጋ ቅጠል ይጠማዘዛል፣ ይጠብባል፣ ይገረጣል፣ አበባውም ይረግፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ መርጫው ነው። ጧት ለጤፍ ቱ ፎር ዲ የተረጨበትን መርጫ ከሰዓት ለበርበሬ የነፍሳት መድኃኒት ይሞሉበታል። ለቅለቅ አድርጎ ማፍሰስ አይበቃም። የሚቻል ከሆነ ለአረም መድኃኒት የብቻው መርጫ ይኑር፤ ጎረቤታሞች ተዋጥተን ብንገዛ አይከብደንም። ጎረቤት ከጎረቤት ሲረጭ ቀኑን ቢነጋገር ደግሞ ሽምግልና የሚደርስ ጠብ ይቀራል። እንዲህ ያለ ጠብ አይቻለሁ፣ ምክንያቱን ሁለቱም አላወቁትም ነበር።

ስለ ነፍሳትና በሽታ በአጭሩ ልበል። ቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ ተዘበራርቆ፣ ተጨማዶ፣ ተክሉም ቀጭጮ ከታየ ይህ ቫይረስ ነው። ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ነፍሳት ከቅጠሉ ጀርባ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፣ ወይም ስትነኩት ነጭ ዝንብ ብር ይላል። ቫይረስ መድኃኒት የለውም። ዩሪያም፣ «የቅጠል ቫይታሚን» እያሉ በጠርሙስ የሚሸጡልንም አያድነውም። የታመመውን ቀድሞ መንቀል ነው። ሲጋራ የያዘ እጅም ችግኝ ከመንካቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ፤ ትምባሆ ላይ የሚኖረው ቫይረስ በርበሬንም ይይዛል።

ተክሉ ብዙ ቢጫ ሳይሆን፣ አረንጓዴ እንዳለ በድንገት ከጠወለገ ደግሞ ግንዱን ከታች ቁረጡና ንጹህ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ አስገብታችሁ ሳትነቀንቁ ያዙት። ከተቆረጠው ቦታ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ሲወርድ ካያችሁ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ያ መሬት በርበሬ፣ ድንች፣ ቲማቲም ለጥቂት ዓመታት አይዘራበት፤ ሦስቱም አንድ ዘር ናቸው፣ በሽታውም አንድ ነው። በቆሎ ወይም ጤፍ ይግባበት። እኛ ደግሞ በርበሬ ዋጋ ባወጣ ቁጥር እዚያው መሬት ላይ በየዓመቱ እንደጋግመዋለን። ይህ ነገር ያሳዝነኛል። ልጅ ሆኜ የማውቃቸው፣ ዛላቸው ማሳውን የሚያቀሉት ማሳዎች ዛሬ አፈራቸው ታሞ በርበሬ አልቀበል ብለዋል።

አሁን ወደ ዩሪያ ልመለስ፤ ጠላቱ አይደለሁም። የእኛ ክረምት ኃይለኛ ነው፣ የሐምሌ ዝናብ ናይትሮጅንን አጥቦ ይወስዳል። በርበሬ በእርግጥ ሊራብ ይችላል። የታችኛው ቅጠል እኩል ገርጥቶ፣ ተክሉ ቀጥኖ፣ ሲነቀል ሥሩ ነጭና ጠንካራ ከሆነ፣ አፈሩም ውኃ ካልያዘ ረሃብ ነው። ያኔ ጊዜው ይታያል። የመጀመሪያው እምቡጥ ብቅ ብቅ ሲል ከሆነ ከዩሪያው ለኋላ የተቆየውን ድርሻ መስጠት ይቻላል። ከግንዱ አራት ጣት ያህል ራቅ ተደርጎ፣ አፈሩ ርጥብ ሲሆን፣ በኩትኳቶ አፈር ለብሶ። ላዩ ላይ ተበትኖ የሚተው ዩሪያ ፀሐይ ሲያገኘው ይተናል፤ ርጥብ ቅጠል ላይ ከወደቀም ያቃጥላል።

አበባው ከሞላ፣ ዛላው መቋጠር ከጀመረ በኋላ ግን አትጨምሩ። 46 በመቶው ናይትሮጅን የሆነ ማዳበሪያ ያን ጊዜ ሲሰጠው ተክሉ ፊቱን ወደ ቅጠል ያዞራል። ያምራል፣ ይጠቁራል፣ ይንዠረገጋል፤ አበባውን ግን ያራግፋል። ለጋ ቅጠሉ ለክሽክሽ ይጥማል። የተቋጠረውም ዛላ መቅላቱን ያዘገያል። ኅዳር ላይ ሌላው ለቅሞ ሲያሰጣ የእናንተ ገና ቃሪያ ነው። በዓይን ሲታይ የተሳካ ማሳ ይመስላል፣ በሚዛን ግን ባዶ ነው። ብዙ ሰው የሚሞኘው እዚህ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ስለለመለመ ምክሩ ሠራ ይላል።

መስከረም ሲጋመስ፣ ዛላው ሞልቶ ሊቀላ ሲያሟሽ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ቢሆን ደግሞ ተዉት። ተክሉ ያለውን ለፍሬው እየሰጠ ነው። ይህ ጤና ነው። በዚያ ሰዓት በቁና ዩሪያ ይዞ የሚዞር ሰው ሳይ ሆዴ ይላወሳል። ማዳበሪያ እንዴት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ምን ያህል እንደተንገላታ የረሳ የለም። በሬ ሸጦ የገዛም አለ። ያን በመሰለ ነገር ላይ «ቢጫ ካያችሁ ጨምሩ» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው። ሐምሌ ሳያልቅ፣ አበባ ሳይጀምር፣ በአንድ ሙሉ ገጽ የበርበሬ ቅጠል ፎቶ በቀለም አትሙልን። የረሃቡን ለብቻ፣ የማግኒዚየሙን ለብቻ፣ ውኃ ያፈነውን ከነሥሩ፣ የቫይረሱን፣ የቱ ፎር ዲውን። ጥቁርና ነጭ ከሆነ አይረባም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ቀለሙ ላይ ነው። አዴት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች አሉት፣ ጠይቃችሁ አሰናዱት። ገበሬው ማንበብ ባይችል ልጁ ያነብለታል፣ ፎቶውን ግን ራሱ ከማሳው ቅጠል ጋር ያስተያያል። ያን ገጽ ቆርጠን የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ እንለጥፈዋለን።

ፎቶ አንሺ ካላችሁ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ላኩልን። ሁሉንም ዓይነት ቢጫ በአንድ ጧት እያዞርን እናሳየዋለን፤ ጋሼም ማሳቸውን ለማሳየት ፈቃደኛ ናቸው። ጭቃው ስለሚይዝ ቦቲ ጫማ አድርጎ ይምጣ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የበርበሬ አምራች
ቡሬ ዙሪያ፣ ምዕራብ ጎጃም